የጠዋት ጠብታ

ነሐሴ 3
ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋትም አላባራም። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ውኃ ነው፤ ለሩዙ ግን ጥሩ ነው። ቤት ያለነው እኔና ባሌ ገበያው ብቻ።
የዓይን ጠብታዬን አላደረግሁም። በጾም የጠዋቱን እተወዋለሁ... ዓይን ውስጥ ጨምሬው ምሬቱ ጉሮሮዬ ይደርሳል። ጉሮሮ የደረሰ ነገር ጾም አይሽርም ወይ? ማንንም አልጠየቅሁ። በፍልሰታ ማብቂያ ከገበያው ጋር ልንቆርብ ነው። ደግሞስ ባለፈው የዓይኔ ግፊት ጥሩ ነው ተብሏል። ምን እሆናለሁ?

ነሐሴ 7
ባሕር ዳር፣ ዓይን ሐኪም ዘንድ ዋልን። ዶክተር ማስተዋል ግፊቱን ለካች። "ቁጥሩ ጥሩ ነው።" ደስ አለኝ። ኋላ አገጬን አስደግፋ "ብርሃን ባዩ ቁጥር ቁልፉን ይጫኑ" አለች። አልፎ አልፎ ብቻ ተጫንኩ። ውጤቱን አየችው።
"እትዬ ይርጋለም፣ የእይታዎ ዳር ዳሩ ጠፍቷል። የግራው ብዙ። የቀኙም ጀምሯል።"
"ቁጥሩ ጥሩ ነው አላሉኝም?"
"ከዓይንዎ ፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያው፣ ለስልሷል። እንደ እርስዎ ግላኮማ፣ የዓይን ነርቭ የሚጎዳው ሕመም፣ ካለበት ሰው ላይ እንዲህ ይገኛል። መሣሪያው ዓይንን ጫን አድርጎ ነው የሚለካው፤ ለስላሳ ሲሆን ቶሎ ይተኛለትና ግፊቱን አሳንሶ ይነግረናል።"
የጠፋው ይመለሳል? አልኳት። አይመለስም አለች።
የጾሙን ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጠዋትና ማታ፣ በሰዓቱ። አንድም እንዳይዘሉ።"

ነሐሴ 8
ስልቻ ትዝ አለኝ። ያረጀው እህል ሞልቶም ጣት ይሰምጥበታል። አዲሱ፣ ያልለፋው፣ ጎዶሎ ሆኖም ድርቅ ያለ ነው። በጣት ተጭኖ ሙሉ ነው ጎዶሎ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። የኔ ዓይን ያረጀው ስልቻ ነው... ስንት ዓመት ሞልቶ ሳለ ደህና ነው ተባለ?
ጎረቤቴ ደብረወርቅ በግራዬ መጣች፤ አላየኋትም። ትከሻዬን ስትነካኝ ዘለልኩ።
"ምነው፣ ጅብ መሰልኩሽ?"
ሳቅሁላት።
ዛሬም ጠዋት አላደረግሁም። ፈራሁ። የቱን ነው የፈራሁት? ጾም መሻሩን ወይስ መታወሩን?

ነሐሴ 11
ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንን፣ መምሬ ሰውመሆንን፣ ጠየቅኋቸው። ገበያውም አጠገቤ ነበር።
"እስከ ዛሬ ዝም ብለሽ?"
"ፈርቼ ነው፣ አባቴ።"
"ለታመመ መድኃኒት መች ተከለከለ? አድርጊ። የቁርባኑን ሌላ ጊዜ እናየዋለን። ዓይንሽ ሲጠፋ ማን መርቶ ሊያመጣሽ ነው? ገበያው? እሱ ራሱ በሬውን ተከትሎ ነው የሚመጣ።"
ገበያው አልሳቀም። ቤት ስንደርስ፣
"እኔም ብቻዬን አልቆርብም" አለ።

ነሐሴ 12
ተነሳሁ። እጄን ታጠብኩ። ቀና ብዬ፣ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ሳብ አድርጌ፣ ግራው ላይ አንድ፣ ቀኙ ላይ አንድ። ጨፈንኩ። ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ፣ ሐኪሟ እንዳሳየችኝ፣ በአፍንጫዬ በኩል ያለውን ጥግ በጣቴ ጫን አልኩ። ትንሽ ግን መረረኝ። ዋጥኩት። ነጠላዬን ለብሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ገበያው ሁልጊዜ ከፊት ከፊት ነበር የሚሄድ... ዛሬ በግራዬ በኩል ሆኖ እኩል ሄደ።