የሁለት ሰው ዓሣ

ነዒሚዬ፣

አብረን ልናርፍበት የተከራየነው አፓርታማ ባሮ ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። ሙቀቱን የጅማ ሰው አያውቀውም! ትናንት አከራያችን እትዬ ዘኪያ «ጓደኛሽስ?» ሲሉኝ፣ እናትሽ ታመውብሽ እንደቀረሽ መናገር ከበደኝና «እየመጣች ነው» አልኳቸው። ለምሳ የሁለት ሰው የተጠበሰ ዓሣ በአንድ ትሪ በረንዳው ላይ አቀረቡልኝ። ታች ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሲሳሳቁ እያየሁ፣ እሾሁን ለቅሜ፣ ሚጥሚጣ አስነክቼ፣ እንደ ልማዴ ላንቺ ጠቀለልኩና እጄን ወደ ባዶው ወንበር ዘረጋሁ። እትዬ ዘኪያ በሩ ላይ ቆመው አይተውኝ ኖሯል። መጥተው ተቀመጡና አፋቸውን ከፈቱልኝ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን አላህ ያሽራቸው፤ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው።

ሪድዋና