ከሃያ ሁለት ዓመት ይቅርታ በኋላ አንድ ሳምንት

እህታችን በ1951 ዓ.ም. ከአናጺው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ታናሻቸውና ብቸኛ ወንድማቸው ነው። እርሳቸውን አንቱ ሲል ራሱን እሱ እያለ የሚጠራው ከትሕትና አይደለም፤ እንደዚያ ስለሚገባው ነው።

በልጅነታቸው ቱግ ባይ ነበሩ። አባታቸው «ክብሪት» ይሏቸው ነበር። የሰፈር ልጅ ወንድማቸውን ከነካው እስከ ቤቱ ተከትለው ሄደው እናቱ ፊት ያፋጥጡታል፤ ቁጣቸው ግን እስከ ራት አይቆይም። እናታቸው ሲሞቱ እርሳቸው አሥራ አራት ዓመታቸው፣ ወንድማቸው ስምንት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አጥበው ያለበሱት፣ ፊደል ያስቆጠሩት፣ ሲያጠፋም ጆሮውን ይዘው የገሠጹት እርሳቸው ናቸው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1969 ዓ.ም. አጠናቀው በአንድ መነጽር ቤት ሌንስ ሞራጅ ሆነው ተቀጠሩ። በ1975 ዓ.ም. በዚያው ቤት ዓይን ይመረምሩ የነበሩትን ባለሙያ አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በ1983 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የራሳቸውን መነጽር ቤት ከፈቱ። ክፍሏ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው በጎኑ ካልሆነ የማይገባባት ነበረች። ባለቤታቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ፤ እህታችንም ፈልገው እስኪደክማቸው ድረስ ዝም ብለው ያዩዋቸው ነበር።

በ1994 ዓ.ም. ወንድማቸው የዚያን ሕንፃ ሊፍት ይጠግን ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሊፍቱን አምስተኛ ፎቅ ላይ አቁሞ የሦስተኛውን ፎቅ የሊፍት በር ከቁልፉ ፈታው። መከለያ ሳያደርግ፣ «አይሠራም» የሚለውን ጽሑፍ ሳይሰቅል፣ በሩን ገርበብ አድርጎ መፍቻ ሊያመጣ ወረደ። አምስት ደቂቃ አይሞላም ብሎ ነበር። የእህታችን ባለቤት የሌንስ ካርቶን ታቅፈው በሩን ሳቡና ገቡ። እዚያው ሞቱ። ከወንድማቸው በቀር ጥፋተኛ የለም።

በቀብሩ ማግስት ካህኑ በቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ወደ ፊት ጠሯቸው። እህታችን ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት፣ «ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። ሕዝቡ አለቀሰ። ፍርድ ቤቱም በእርሳቸው ቃል የተነሳ የወንድማቸውን ቅጣት በገደብ አደረገለት። ካህኑ ቅን ሰው ናቸው። ግን ለእህታችን አንድ ቀን እንኳ የማሰቢያ ጊዜ አልሰጧቸውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መቆጣት ቀረባቸው። ክልክል ነው ያላቸው ሰው የለም፤ ነገር ግን ፊታቸው ትንሽ ሲጠቁር «ይቅርታዋን አነሳች እንዴ?» የሚል አይጠፋም ነበር። ወንድማቸው ደግሞ ልካስ ብሎ የሊፍት ሥራውን ተወና መነጽር ቤቱ ገባ። በባለቤታቸው ወንበር ተቀመጠ። በዚያች ጠባብ ክፍል፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ ጉልበታቸው እየተነካካ ሃያ ሁለት ዓመት ሠሩ። እሱ መሄድ ውለታ ቢስነት መሰለው፤ እርሳቸው ሂድ ማለት ኃጢአት መሰላቸው። ሥራ ሲያበላሽ «ምንም አይደል» ይሉታል። አንድ ቀን እንደ ልጅነቱ ጆሮውን ይዘው ቢቆጡት ብሎ ተመኘና የአንዲት አስተማሪ ሌንስ ሆን ብሎ መሬት ላይ ጣለ። ስብርባሪውን ራሳቸው ጠረጉ። «ምንም አይደል» ብለው ሌላ መሞረድ ጀመሩ።

ቤተ ክርስቲያኑ የተጣላ ሁሉ ምክር እንዲሰማ ወደ እርሳቸው ይልክ ነበር። «ይቅር ባይዋ» የሚል ስም ወጣላቸው፤ አይወዱትም። በ2009 ዓ.ም. ባሏ የሚደበድባት አንዲት የዳቦ ቤት ሠራተኛ ተላከችላቸው፤ ወደ ባሏ እንድትመለስ እንዲያግባቧት ነው። እህታችን የሌንስ መሞረጃውን አጠፉና «ይቅር በይው፣ እሺ። ግን የበርሽን ቁልፍ ቀይሪ። ይቅርታና በር መክፈት አንድ ነው ያለሽ ማነው?» አሏት። ከዚያ በኋላ ሰው መላኩ ቆመ። ወንድማቸው ይህን አጠገባቸው ተቀምጦ ሰምቷል። ገብቶታልም። በማግስቱ ግን እንደ ወትሮው በሰዓቱ ሥራ ገባ፤ ፈሪ ነበር።

በዚህ ዓመት መጀመሪያ የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ወንድማቸው ፍራሹን አምጥቶ ከአልጋቸው አጠገብ አነጠፈ። ባለፈው ዓርብ ጠዋት፣ ልጃቸው ባለችበት፣ «ስማ አንተ» አሉት። «ይቅርታዬን አልወሰድኩም፣ ያንተ ነው። ግን በባሌ ሞት አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጌ ተቆጥቼህ አላውቅም። አንድ ሳምንት ስጠኝና ልቆጣህ። እስከዚያ ፊትህን እንዳላይ።» ፍራሹን ጠቅልሎ ወጣ። ዘመድ ሁሉ «ሕመሙ ነው ያናገራት፣ ተመለስ» እያለ ወተወተው። አልተመለሰም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከእሱ የጠየቁት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ልጃቸው እንደምትለው በእነዚያ ቀናት ድምፃቸው ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር። «ደነዝ! መፍቻ ኪስ ውስጥ አይያዝም?» እያሉ ሲሰድቡት ዋሉ። የባለቤታቸውን ሞት ገና እንደተረዳ ሰው አለቀሱ። ምግብ ዘግቷቸው የሰነበቱት እህታችን ሁለት ጊዜ ሾርባ አምጪልኝ ብለው ጠጡ። ማክሰኞ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ቀትር ላይ በስልሳ አምስት ዓመታቸው አረፉ።

ካህኑ ይህ ክፍል ይውጣ ብለው ነበር፤ ይቅር ባይነታቸውን ያደበዝዛል በሚል። ወንድማቸው እምቢ አለ። ይቅርታቸው እውነት እንደነበር ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይቅርታ ወሰን ይኑረው አይኑረው የሚለውን ሊቃውንት ይከራከሩበት። እሱ የሚያውቀው፣ ይቅር የተባለው ሰው ራሱ ወሰን አበጅቶ ቀስ ብሎ መውጣት እንደነበረበት ነው። ይህን ባለማድረጉ እስከ ዕለተ ሞቱ ያዝናል።

እህታችን አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። አሁን ይህን የምታነብላችሁ ልጃቸው ናት። ወንድማቸው ዛሬ ረቡዕ በመካከላችሁ የለም፤ ቤቱ ተቀምጧል። ሳምንቱ የሚሞላው ዓርብ ነው፤ ያኔ ወደ መቃብራቸው ይሄዳል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍ፤ እስከ ዓርብም አያስቸኩላቸው። አሜን።