ከጥቁሩ ቀለም ሥር

ለማትረታው እናቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ክረምት ሲመጣ የሚነሳብሽ ሳል ዘንድሮ ማረሽ ወይ? ወንድሜ ቤት ምንም እንደማይጎድልሽ አውቃለሁ፤ ግን የልጅ ልጆችሽ ጫጫታ ቀን ጋደም እንደማያስብልሽም ስለማውቅ ከዚህ ሆኜ አዝንልሻለሁ። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ቀኝ እግሬ ላይ ትንሽ ተቃጥዬ ነበር፤ እሱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

በስልክ ያልሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ። አንቺ ስትቆጪ ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ስለምይዝ ጎረቤቶቼም ሰምተዋል። በወሩ መጨረሻ ወንድሜ በጭነት መኪና መጥቶ የአባዬን ሞተር ወስዶ ይሸጠዋል አልሽ። ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ ብረት ላይ አትወጣም አልሽ። አልሰጥም ካልኩ ደግሞ ደጄን እንደማትረግጪ ነገርሽኝ። አፍ ለአፍ አንቺን መርታት እንደማልችል ስለማውቅ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፍልሽ ዝምታዬን እሺታ አድርገሽ እንዳትወስጂው ነው። ሞተሩን አልሰጥም።

አባዬ ያወረሰኝ ሙያውን ነው። የስፌት መኪና አራት እግር ቢኖረውም አይራመድም፤ የምሄድለት እኔ ነኝ። የመፍቻ ሳጥኔን ተሸክሜ አውቶቡስ ውስጥ ስጋፋ ትከሻዬ ምን እንደሆነ አንቺው ራስሽ አሽተሽልኛል። ሞተሩን መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ጠዋት የደወለችልኝ ልብስ ሰፊ ከሰዓት በፊት መኪናዋ ተጠግኖ ሥራዋን ትቀጥላለች። ሞተሩን ስጪ ማለት ሙያሽን ስጪ ማለት ነው። ወንድሜ እንደሆነ ሞተር ይፈራል፤ ይህን ለሚስቱ እንዳትነግሪብኝ።

አሁን የሚያናድድሽን ልንገርሽ። ጥቁሩን ቀለም ፋቅኩት። አባዬ የሞተ ሰሞን መጋረጃው፣ የሶፋው ልብስ፣ የኔ ሹራቦች ሳይቀሩ ጥቁር ሲነከሩ ሞተሩም አልቀረለትም፤ ወንድሜን አዘሽ ቀዩ የቤንዚን ታንከር ላይ ጥቁር አስነፋሽበት። ያኔ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነበር። ግን እኛ ልብሳችንን ከቀየርን ስንት ጊዜያችን! ሞተሩ ብቻውን ሲያለቅስ ሊኖር ነው እንዴ?

መንገድ ማዶ ያለው መኪና ቀቢ ለአባትሽ ስል ልሥራልሽ ብሎኝ ነበር። እጁን እምቢ ብዬ ምክሩን ተቀበልኩ። ቤንዚኑን አንጠፍጥፌ፣ ታንከሩን ፈትቼ፣ አፉን በጨርቅ ወትፌ ጥቁሩን ላይ ላዩን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። አቧራ እንዳያርፍበት መታጠቢያ ቤት አስገብቼ ከውሃው ቧንቧ ላይ ሰቀልኩት። መስኮቱን ከፍቼ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ቢጫ ነፋሁበት። አዎ፣ ቢጫ። አንቺን ለማናደድ ብዬ ነው የመረጥኩት።

ቢጫው አልይዝም አለ። ከአንዱ ቦታ ሸሽቶ ሌላው ላይ እየተሰበሰበ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መሰለ። ቀቢውን ጠርቼ አሳየሁት። ከመቀባቴ በፊት በምን እንደጠረግኩት ጠየቀኝ፤ በጨርቄ አልኩት። የቱ ጨርቅ ቢለኝ ከሥራ ኪሴ የማትለየዋን አወጣሁለት። አሸተታትና በሳቅ ፈረሰ፤ ታንከር በስፌት መኪና ዘይት ወልውሎ ቀለም የሚቀባ ሰው አይቼ አላውቅም አለ። አንቺም ሳቂ፣ ፈቅጄልሻለሁ። የአባዬ ልጅ አይደለሁ? ዘይት ያልነካው ነገር የጸዳ አይመስለኝም። በይ እንግዲህ ሁሉንም አንስተሽ እንደገና ጀምሪ ብሎኝ ሄደ።

ቢጫው ከተረፈው ጥቁር ጋር ተነሳ፤ ከሥሩ የአባዬ ቀይ መጣ። ቀዩን አውቀዋለሁ፤ ጉልበቱ የሚያርፍበት ቦታ፣ ከፊት በኩል ግራና ቀኝ፣ ቀለሙ ሳስቷል። ረጅም ሰው ነበራ። ቀዩን ስፍቀው ደግሞ አረንጓዴ ወጣ። ሞተሩ ከነካርቶኑ ሲገዛ አረንጓዴ እንደነበር፣ ከአባዬ በቀር ሰው ነክቶት እንደማያውቅ ስትነግሪን ነው ያደግነው። አረንጓዴውም ላይ የጉልበት ቦታ አለ። ግን ከፊት አይደለም። ዝቅ ብሎ፣ ወደ መቀመጫው ተጠግቶ፣ በሁለቱም ጎን እስከ ብረቱ ተልጧል። የአንድ ቀን ጉዞ እንዲህ አይልጥም። ለቀቢው ባሳየው አጭር ሰው ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ነድቶታል አለኝ።

ከዚያ በታች መፋቅ እጄ እምቢ አለ። ታንከሩን እንደዚያው ቦታው መለስኩትና መቀመጫው ላይ ወጣሁ። ጉልበቶቼ የተላጠው ቦታ ላይ አረፉ፤ ልክክ። ቁመቴን ከማን እንደወሰድኩ ታውቂያለሽ።

ብዙ ሰዓት እዚያው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ በጣም ተናደድኩ። በኋላ ደግሞ ያን አጭር ሰው ከሞተሩ ላይ ማን እንዳወረደው ሳስብ የባሰ ተናደድኩ። አልጠይቅሽም። ብጠይቅሽም ወሬ እንደምትቀይሪ አውቃለሁ።

ስለዚህ ቢጫውን ተውኩትና አረንጓዴ ቀባሁት። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ፣ በስሱ እየደራረብኩ። ቀቢው ዞሮ ዞሮ ስህተት ፈልጎ አጣ። ከታች በኩል አንዲት የወረደች ጠብታ አለች፤ እሷን አላየም።

ለወንድሜ ንገሪልኝ፤ ይምጣ፣ እህቱን ይጠይቅ፣ አልጋ አነጥፍለታለሁ። የጭነት መኪናውን ግን ባዶውን ይመልሰዋል። አንቺም ደጅሽን አልረግጥም ካልሽኝ ይከፋኛል፣ አለቅሳለሁም። እያለቀስኩ ግን እነዳለሁ።

እግሬን ላልኩሽ፣ ከሞተሩ ስወርድ የጭስ ማውጫው ቀኝ ባቴን ጠበሰኝ። ቁስሉ ደርቋል፤ ሞላላ ጠባሳ ሳይተው አይቀርም። ልጅ ሆኜ አንቺ ባት ላይ ያለውን እየነካሁ ምንድነው ስልሽ ካውያ ነው ትዪኝ ነበር። እኔም ለሚጠይቀኝ ሁሉ ካውያ ነው እያልኩ ነው።

ሁለተኛ ሄልሜት ገዝቻለሁ። መጠኑ እንደኔው ነው።

በይ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፤ ወገብሽን ያበርታልሽ፤ ቁጣሽንም ቢሆን አይውሰድብኝ፤ እሱን ሳልሰማ የከረምኩበት ቤት ጭር ይላል። ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

በቁመትም በእምቢታም አንቺን የመሰልኩ
ልጅሽ

ስትመጪ ሱሪ ልበሺ። የጭስ ማውጫው አሁንም በቀኝ በኩል ነው።