ለጎረምሳ የሚነበብ ተረት

ለወንድሜ ለአብዱልሃሚድ፣ ጆሃንስበርግ

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድምዓለም። አላህ ጤናህን ያብዛልህ፤ እኛ እዚህ ልደታ ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሱቁም ደህና ይሠራል፤ ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ጎራ ብሎ ልብስ ሳያይ አያልፍም።

አንድ የሚያስቅህ ነገር ልንገርህ። ማታ ማታ ለሙደሲር ተረት ማንበብ ጀምሬያለሁ። አዎ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ለሞላው ልጄ! እህቱ አማል "ጡጦም ግዢለት እንጂ!" እያለች ትስቅበታለች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያዳምጣል። የጀመርኩት የጎረቤታችን ልጅ የአብስራ አንድ ቀን ጠዋት አልጋው ባዶ ሆኖ ተገኝቶ፣ በኋላ ከሞያሌ ጠረፍ ከደወለ ወዲህ ነው።

የማነበው እንደ ነጋዴ ነው። ታሪኩ ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ሲደርስ መጽሐፉን እዘጋና "የቀረው ነገ" እላለሁ። "እማ፣ በአላህ፣ ትንሽ ብቻ!" ቢለኝም አልሰማውም። ልቡ የተንጠለጠለ ደንበኛ ነገ መመለሱ አይቀርም።

ትናንት ከሱቅ ስመለስ ግን መጽሐፉን ብቻውን ጨርሶት አገኘሁት።

"ምን አስቸኮለህ?" አልኩት።

"መጨረሻውን ሳላውቅ እንዳልቀር ብዬ ነው" አለኝ።

ዛሬ ሌላ መጽሐፍ ገዝቻለሁ፤ ወፍራሙን መርጬ። አንተም ደብዳቤዬ እንደደረሰህ ደውልለት። አዲሱን መኪናህን አታሳየው። መንገድ ላይ ስለቀሩት ጓደኞችህ ለእናታችን ያልነገርካትን ለእሱ ንገረው።

አላህ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ሀዲያ