በአዋዜ የቀመስኩት ነጭ ወይን

ማክሰኞ

ዋጋው በጣም ረከሰ። ያልወደድኩት ይህንን ነው። ሾፌሩ በላይ ከአዲስ አበባ የጫነውን ነጭ ወይን ጠጅ ሱቄ ውስጥ ደርድሮ ሄደ። ሁለት ዓይነት ወይን ተደባልቆ የተጠመቀ ነው ይላል፤ አንዱ መዓዛ ይሰጠዋል፣ ሌላው ኮምጠጥ ያደርገዋል፤ ሳይቆይ የሚጠጣ ነው። «በረሃውን በሌሊት ነው ያቋረጥኩት ጋሼ» ብሎ ማለ። ሳልጠይቀው ለምን ይምላል?

የወሰድኩት ለቅዳሜ ነው። እዚህ አሰብ የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካው ክበብ ለውጭ አገር እንግዶች እራት ያበላል፣ መጠጡ የኔ ነው። ወይኑ ተበላሽቶ ከተገኘ ኪሳራ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ዘመን «አሻጥር» ይባላል። የነቀዘ ዱቄት የሸጠው ጎረቤቴ ሱቁ እስካሁን እንደታሸገ ነው።

ምሳ ላይ ጥብሱን አዋዜ እያጠቀስኩ ቀመስኩት። መረረኝ፣ ምላሴን አቃጠለው። ፀሐይ መትቶታል። ያልተከፈተ የሌላ አንድ ጠርሙስ ቡሽም ወደ ላይ ገፋ ብሏል። በላይን ብፈልገው ከወደብ ጭኖ ወጥቷል።

ረቡዕ

ጾም ነው። ዓሣም አይበላም የሚሉ አሉ፤ አሰብ ላይ የሚሰማቸው ጥቂት ነው። ባለቤቴ እቴነሽ ጨጓራዋን ስላመማት ዓሣውን በጨውና በሎሚ ብቻ ጠበሰችው። የትናንቱን ጠርሙስ ልደፋው ከበረዶው ሣጥን አወጣሁና፣ ዓሣ እንደጎረስኩ አንዴ ተጎነጨሁ።

ጣፋጭ ነው። ቀለል ያለ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል።

ደነገጥኩ። ማን ለወጠው? እቴነሽን ጠየቅኋት። «ደግሞ እኔን መጠርጠር ጀመርክ?» ብላ ሳቀች። ጠርሙሱ የኔው ነው፤ ትናንት ስከፍተው የቀደድኩት ወረቀት ይታያል። አዋዜ ላስኩና ጠጣሁ፤ መረረ። አፌን በዳቦ አጸዳሁ፣ ዓሣ ጎረስኩ፣ ጠጣሁ፤ ጣፈጠ። ደግሞም ትናንት ሳላቀዘቅዘው ነው የጠጣሁት።

ከሌሎቹም ሣጥኖች ከፍቼ ቀመስኩ። ደህና ናቸው። በላይን ግን ገና አላመንኩትም።

ሐሙስ

የክበቡ ኃላፊ ጓድ ተስፋዬ ዘንድ ሄድኩ። ያዘዘው ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥና አዋዜ ጥብስ ነው። በዚህ ላይ ወይኔ ቢቀርብ አለቀልኝ። የኔን ምርጫ ነገርኩት፦ ዓሣ በሎሚ፣ ከባሕሩ የሚወጣ የተቀቀለ ጋምበሪ፣ ፓስታ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም ያለ ቃሪያ።

ትክ ብሎ አየኝ። «ወይንህ ምን ሆኖ ነው ምግብ የምትመርጥለት?»

እኔም ብሆን ይህንኑ እጠይቅ ነበር። ዶሮውን እንዳልከለከልኩ፣ ኋላ ከቢራ ጋር ይምጣ እንዳልኩ አስረዳሁት። እንግዳ ጠርተን የበሽተኛ ምግብ እናብላ ወይ ብሎ አጉረመረመ። በመጨረሻ ተስማማ፤ «ከተበላሸ ግን የማስጠራው አንተን ነው» አለኝ።

ዓርብ

በረዶ አዘዝኩ። ዓሣውን በምድጃ የሚጋግርልን ሰይድ በርበሬ ሳይቀባ አውጥቶ አያውቅም። ለነገ ያለ በርበሬ ስለው «ማነው የታመመው?» አለ። በርበሬ እንዳይነካው ዕቃውን ሁሉ አጥብልሃለሁ ብሎ በአላህ ማለ። የማለ ሁሉ ያሳስበኛል።

ቡሹ የገፋውን ጠርሙስ ለብቻው አስቀመጥኩት።

እሁድ

ትናንት ቆሜ ነው ያመሸሁት። ዓሣው ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ሰይድ ቃሉን ጠበቀ። እንግዶቹ ቀስ እያሉ ጠጡ። ቀስታቸውን አልወደድኩትም። ከዚያ ከእንግዶቹ አንዱ የሆነው የመርከብ ካፒቴን የአገራችሁን ልማድ ልሞክር ብሎ፣ ከአስተናጋጁ ትሪ ላይ ለኋላ የተዘጋጀውን አዋዜ አስቀርቦ ዓሣውን አጠቀሰ። ጎረሰ። ጠጣ። ፊቱ ተጨማደደ።

ተስፋዬ ወደ እኔ ዞረ።

ካፒቴኑ ውኃ ጠጣ፣ ዳቦ በላ፣ የአዋዜውን ሳህን በጣቱ ገፋ አደረገው። ያልተነካ ዓሣ አነሳ፣ ደግሞ ጠጣ። ቀና ብሎ ብርጭቆውን ለአስተናጋጁ ዘረጋ።

ሲወጡ ተስፋዬ ለሚመጣው እራትም አንተው አቅርብ አለኝ። «ዶሮውን ግን እንዳትነካብን።»

ዛሬ ቡሹ የገፋውን ከፈትኩት። በረዶ ውስጥ አቀዝቅዤ፣ በዓሣ ቀመስኩት። ይኼኛው የእውነት ሆምጣጤ ነው። ስንቱ እንዲህ ነበር? በላይ ሲመለስ መኪናውን ቀን ቀን ጥላ ውስጥ ይሁን ፀሐይ ላይ የት እንደሚያቆም እጠይቀዋለሁ። ሳይምል ከመለሰልኝ ሌላም ወይን ከሱ እገዛለሁ።