የካርቶን ኪቦርድ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቢቸና

ዛሬ መብራት ስለመጣ የኮምፒውተር ክፍሉ ተከፈተ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሼ እውነተኛ ኪቦርድ ስነካ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እስካሁን የተለማመድኩት እኔና ጓደኛዬ ትርንጎ ካርቶን ላይ በሣልነው ነው። ግራውን እሷ ሣለች፣ ቀኙን እኔ። አሁን እሷ ሞጣ አክስቷ ቤት ናት፤ ትምህርት የሚባል ነገር የላትም።

ቲቸር ስሜን እንድጽፍ አዘዙኝ። ጣቶቼ ፊደሎቹን ሳላይ አገኟቸው። ቀና ስል ግን ስክሪኑ ባዶ ነው።

"ነካ ነካ አታድርጊው፣ ጫን በይው እንጂ" አሉኝ።

ክፍሉ ሳቀ። ካርቶን አይጫንም፤ እኔ ከየት ልወቀው? እንደገና ስጀምር መብራት ሄደ። ቲቸር በሩን እየቆለፉ፣ "ማትሪኩም እኮ በኮምፒውተር ነው" አሉ፣ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ።

ቤት ገብቼ ካርቶኑን አወጣሁና እንዳሉኝ ጫን እያልኩ ስሜን ደጋግሜ ጻፍኩ። በትርንጎ በኩል ተቀደደ። እናቴ ሳታየኝ ከቡሃቃው ሊጥ ቆንጥሬ አጣበቅሁት።

አሁን እንዳይቀደድ ቀስ ብዬ፣ ነካ ነካ እያደረግሁ ነው የምለማመደው።