በሚስኮል የሚለካ ወተት

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡30

የአጎቴ ልጅ ደሳለኝ ገና አልተመለሰም። ወተት የሚሰጡኝ አሥራ አራቱም ቤት ደውዬ ጨርሻለሁ፤ ጆሮዬ ግሏል። መልሱ ያው ነው። ዛሬ ምን ያህል አለ ስል፦ ኧረ ምን አላት፣ ጥጃው ጠባባት፣ ትንሽ ናት። ትንሽ ማለት ስንት ነው? ትንሽ ነዋ። አሥራ አራት ትንሽ ደምሬ ሃያ ሊትር ገመትኩ። አራት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ባጃጁ ላይ ጭኜ ሰደድኩት። ለሁለቱ ቁርስ ቤቶችም ዛሬ ሃያ ብቻ ነው አልኳቸው።

3 ሰዓት። መጣ። አራቱም ጀሪካን እስከ አፉ ሞልቷል። ሌላ ሃያ ሊትር ሴቶቹ እጅ ላይ ትቶ መጣ፤ በምን ይያዘው? ቁርስ ቤቶቹ የጎደላቸውን በዱቄት ወተት ሞልተዋል። ሴቶቹ ደግሞ አልበን ከደጅ ቆመን ባጃጁ ጥሎን ሄደ ብለው ተቀይመዋል። በዚህ ሳምንት ሦስተኛው ነው፣ ደብተሬ። አንተም ሰልችቶህ ይሆናል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ለምን እንደማይነግሩኝ አውቃለሁ። ወረታ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። በዚህ በእኛ ሜዳ የላም ወተት በቁጥር አይጠራም፤ ከተጠራ ዓይን ይገባታል። የማለቢያው ግሬራ እንኳ ከበረት እስከ ጓዳ በነጠላ ተሸፍኖ ነው የሚያልፈው። ይሁን፣ አከብራለሁ። ግን ባጃጅ በ«ትንሽ» አይጫንም።

ቴሌግራም ላይ ሁላቸውንም ላሰባስብ ብዬ ነበር፤ እዚያ ይጻፉልኝ፣ አፍ አያስፈልግ ብዬ። ሞኝ። ዳታው አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይጠፋል። ደግሞ ከአሥራ አራቱ ዘጠኙ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የያዙት።

ጌታቸው ከአዲስ አበባ ደወለ። ወንድሜ ነው፣ ታላቄ። ጓደኛው ልብስ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ይፈልጋል፤ ቦታውን ይዤልሻለሁ አለ። እስከ ህዳር ሚካኤል ቁርጡን ንገሪኝ አለ። ስለ ወተቱ ሳወራለት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ስዘጋው ግን ቤቷን ዞሬ አየሁ። ከፍቺው በኋላ የኔ የምለው ይህችን ሁለት በአራት የወተት ቤት ብቻ ነው። ከከፈትኳት ዘጠኝ ወሯ ነው። ትታ ገባች እንዲሉኝ አልፈልግም። መሄድም አልፈልግም። ይኸው ጻፍኩት።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ብልጥ ነኝ ብዬ ጉድ ሆንኩ። ትንሽ ሲሉኝ እጥፍ አድርጌ አሰብኩ። ስምንት ጀሪካን ሰደድኩ፣ ለቁርስ ቤቶቹ አርባ ሊትር ቃል ገባሁ። አሥራ ስምንት መጣ። ለካ ዛሬ እውነታቸውን ነው፤ ከብቱ ሌሊት በረት ሰብሮ ወጥቶ ጥጆቹ ሲጠቡ አድረዋል። አንደኛው ቁርስ ቤት ከእንግዲህ ዱቄቱ ይበቃኛል አለኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ወተት ደግሞ አይለቀምም።

ተናደድኩ። እትዬ ውዴ ዘንድ ደወልኩ። (ባላቸው የሞተባቸው፣ ከስልሳ ያለፉ ሴት ናቸው። የሰፈሩ ሴት ሁሉ እሳቸውን ነው የሚያየው፤ እሳቸው ከሰጡ ይሰጣል፣ ከተዉ ይተዋል።) እጄ እርጥብ ስለነበር ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፈትኩት። ቤቱ ውስጥ አምስት ስድስት ደንበኛ ቆሟል። እኔ ደግሞ ያቺ ቦራ ላምዎ ጠዋት ብቻ ስድስት ሊትር እንደምትታለብ ማን የማያውቅ አለ፣ ለምን ይደብቁኛል አልኳቸው።

እሳቸው «እንዲህ ተባለ?» ብለው ዘጉት። ደንበኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቁጥሯን ጠራሁ። በሰው ፊት። አፌን በቆረጠው።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ደሳለኝ ባዶ ጀሪካን ይዞ ተመለሰ። ባዶ።

የእትዬ ው. (ስማቸውን ከእንግዲህ በሙሉ ለመጻፍ ፈራሁ) ቦራ ከትናንት ጀምሮ ሣር አትቀምስም። ወተቷ ነጥፏል። ከአፏ ደም ይንጠባጠባል። ሰፈሩ የብዙዬ አፍ ነው ብሏል። ብዙዬ እኔ ነኝ። አሥራ አራቱም ቤት ለሷ አንሰጥም አሉ። ደሳለኝን እንኳ ከአጥር ውጭ ቁም ብለውታል። የአጎቴ ልጅ ስለሆነ ለመናገር አፈረ፤ አንድ በአንድ ጠይቄ ነው ያወጣሁት።

ከሰዓት በኋላ እዚሁ ጎረቤቴ ልጇን ስታጠባ አየችኝና ዞር አለች። ዞረች፣ ደብተሬ። ከአሥር ዓመት በላይ የማውቃት ሴት። ጀሪካን ቢጎድል ይሞላል፤ ዓይኗ ክፉ ነው የተባለች ሴት ግን ወተት ልትሸጥ አትችልም። ጌታቸው ዘንድ ልደውል ስልኩን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ፈርቻለሁ።

ጥቅምት 14፣ አርብ፣ ከሰዓት

ጾም ነው፣ ሽያጭ የለም። ሄድኩ። ደሳለኝ አትሂጂ፣ ያባርሩሻል አለኝ፤ ያባርሩኝ አልኩት።

እትዬ ው. በረቱ በር ላይ ቁጭ ብለዋል። ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ። ግቢም ውጭም አላሉኝ። ላሟ ቆማለች፣ አንገቷን ዘርግታ፤ ልጋጓ ቀይ ነው። ሳያት አለቀስኩ። እውነት እኔ ነኝ እንዴ ብዬም አሰብኩ፤ ላንተ ካልዋሸሁ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያው ዘንድ ደወልኩ። ሐሙሲት ከተማ ነው ያለው፣ እስከ ነገ አይደርስም። የምታይውን ንገሪኝ አለ። ነገርኩት። የት ነው የምትጠጣው አለኝ። እትዬ ው.ን ጠየቅሁ፤ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ከተወው ኩሬ ነው አሉ። ሳቅ አለና ምላሷን አንሱ፣ ከስሯ እዩ፣ ብርሃን ያስፈልጋችኋል አለ።

ደሳለኝ ቀንዷን ያዘ። እኔ የስልኬን መብራት አብርቼ አፏ ውስጥ ዘለቅሁ ማለት ይቻላል። ጥቁር ነገር። ይንቀሳቀሳል። አልቅት! ጣት የሚያህል፣ ከምላሷ ስር ተጣብቆ። ሌላም ትንሽ ከጉሮሮዋ አጠገብ።

ልነካው አልቻልኩም። እትዬ ው. ተነሡ፣ አመድ በጨርቅ ያዙ፣ «ዞር በይ አንች ልጅ፣ መብራቱን ብቻ ያዥ» አሉኝ። እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ከተቱ። አንዱን አወጡ፣ ሁለተኛውን አወጡ። መሬት ላይ ጥለው በድንጋይ ቀጠቀጡት። ባለሙያው በስልኩ ውስጥ ሆኖ ወጣ? ወጣ? ይላል፤ መልስ የሚሰጠው የለም። ሁላችንም እንስቃለን።

ሴቶቹ አጥር ላይ ተደርድረው ያያሉ። አንዷ ሮጣ የራሷን ላም አፍ አስከፈተች፤ እሷም ዘንድ ተገኘ። ከዚያ ስልኬ ከበረት በረት ዞረ። መብራቱ ባትሪውን ጨረሰው።

ስሄድ እትዬ ው. በር ድረስ ሸኙኝ። «አልቅቱስ አልቅት ነው» አሉ። «ቢሆንም ያን ቁጥር ባትጠሪው ምን ነበረበት?» ምንም አልነበረበትም። እውነታቸውን ነው። እንደገና ይቅርታ አልኳቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ከልቤ ነው። የመጀመሪያው ከፍርሃት ነበር።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

12 ሰዓት ሲሆን ስልኬ ጮኸና ተቋረጠ። ሚስኮል። እንደገና ጮኸ፣ ተቋረጠ። ደግሞ። እትዬ ው. ናቸው። ክፉ ነገር መስሎኝ መልሼ ደወልኩ። ቆጣ አሉ። «ምን ያስደውልሻል? ሦስት ጊዜ ጮኸልሽ አይደል?»

ሦስት ጆግ ማለታቸው ነው። እኔ ለየቤቱ ያደልኩት ቢጫ ጆግ አለ፣ ሁለት ሁለት ሊትር ይይዛል። አንድ ጥሪ፣ አንድ ጆግ። ማንም ቁጥር አልጠራ። አፍ አልተከፈተ፣ ላሟ አልተነካች። ካልተነሳ ስልኩ ሒሳብም አይቆጥርም።

አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ በቴሌግራም፣ በእጥፍ፣ በቁጣ ያልፈታሁትን እሳቸው በባለ ቁልፍ ስልክ ፈቱት። ደሳለኝ ስድስት ሊትር ሊያመጣ ወጣ። ስድስት መጣ። ስድስት! (ላንተ ብቻ ነው የጻፍኩት፣ ለማንም እንዳታሳይ።)

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

አሥራ አራቱም ቤት ተመልሷል። ሰባት ቀን ብቻ ነው የፈጀው፤ እትዬ ው. በማኅበር ላይ አስተምረዋቸዋል። ጎረቤቴም ትናንት ልጇን አምጥታ እርጎ አስቀመሰችው። ስለዚያ ቀን እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ።

ከ12 እስከ 12፡30 ስልኬ እንደ ዶሮ ይጮኻል። ከበሩ ጀርባ በጠመኔ ጭረት አሰምራለሁ። ከፊት ለፊት ነበር የማሰምረው፤ እትዬ ው. ሰምተው ከደንበኛ ዓይን አጥፊው አሉኝ፣ አጠፋሁት።

ቄስ ሞላ ብቻ አስቸገሩኝ። ሰው ሳያነሳ ስልክ መዝጋት ነውር ነው ባይ ናቸው። እስካነሳ ይጠብቃሉ፤ ሳነሳ እንዴት አደርሽ፣ ከብት ደኅና፣ አገር ደኅና ይሉና ባርከው ይዘጋሉ። ያን ጊዜ አራት ሰው ሊደውል ሞክሮ ተይዟል ይለዋል። ምን ብዬ ልንገራቸው? ቄስ ናቸው። በመጨረሻ ባለቤታቸው ስልኩን ጠዋት ጠዋት ከራስጌያቸው እየወሰዱ ይደውሉልኝ ጀመር። ቄሱ ወተቱ እንዴት እንደሚታወቅ ገርሟቸዋል አሉ።

ህዳር 4፣ ሐሙስ

ዛሬ አርባ ሁለት መጥቶ አርባ ሁለት ተሸጠ። ዱቄት ይበቃኛል ያለኝ ቁርስ ቤት ራሱ መጣ። አኮረፍኩበት ለማስመሰል ሞከርኩ፣ ፊቴ አልታዘዘልኝም።

የገና ጾም ሲገባ ወተት አይሸጥም። ቅቤ ይወጣል። ሴቶቹ እንደ በፊቱ ይደውሉ፤ እኔ እንጠዋለሁ፣ ገና ሲደርስ ቅቤ ፈላጊ አላጣም። ነገሩ ይሄዳል። በደንብ ይሄዳል። እንዲህ ብዬ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

የቀረው ጌታቸው ነው። ቦታውን ለምኖ ነው የያዘልኝ። አልመጣም ስለው ጓደኛው ፊት አዋርደዋለሁ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እሱ ነው ያስተማረኝ። ሁለት ጊዜ ደወለ፤ ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ዘጋሁበት። በኔ ቤት ሚስኮል አደረግሁት፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ግን እሱ አያውቅም።

ህዳር 11፣ ሐሙስ፣ 10 ሰዓት

ነገ ሚካኤል ነው። ደወልኩ።

ጌትዬ፣ አልመጣም፣ እዚሁ እቀራለሁ፣ አትቀየመኝ አልኩት። በአንድ ትንፋሽ። ስደብቅ የነበረውን ሁሉ በአንዴ ነው ያፈሰስኩት። ኔትወርኩ የጠፋ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

ቦታው ከተያዘ ሦስት ሳምንት ሆኖታል አለኝ። ጓደኛው የሚስቱን እህት ቀጥሮበታል። ጌታቸው እንዴት ብዬ ልንገራት ብሎ እንቅልፍ አጥቶ ሰንብቷል፤ የደወለልኝም ያንን ሊነግረኝ ነበር፤ ስዘጋበት ጊዜ ደስ ይለው ነበር። ቃሉን ስላጠፈ ተስፋ አስቆርጣታለሁ ብሎ ፈርቷል። እኔ እሱን እፈራለሁ፣ እሱ እኔን ይፈራል። ሳቅን። ከዚያ እሱ ማልቀስ ጀመረ፣ እኔም ተከተልኩ፤ ካርዱ እስኪያልቅ በስልክ ስናለቅስ ቆየን።

ሦስት ሳምንት። ቆጠርኩት። ያን ጊዜ አሥራ አራቱ ቤት ገና እየተመለሱልኝ ነበር። አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ያን ባዶ ጀሪካን የመጣ ዕለት፣ ስልኩን አንስቼ መጣሁ ብዬው ቢሆንስ? ለመኪና እወጣ ነበር፣ ቤቱን አስረክቤ። ደርሼም ቦታው በጄ ሳይገባ ሌላ ይይዘው ነበር። ተመስገን፣ ተመስገን። ሳላውቀው አለፈ።

አሁን ላንተም ያልነገርኩህን ልንገርህ። አልጋዬ ስር ሻንጣ አለ። ጌታቸው ሳይደውልልኝም፣ ከመስከረም ጀምሮ የታሰረ ነው። ወተት ጎደለ፣ ተረፈ፣ ተደፋ እያልኩ እዚህ ስጽፍ ሁሉ ልብሴ እዚያ ነበር። ላንተ ብጽፈው እውነት ይሆንብኛል ብዬ ነው።

አሁን አውጥቼ ፈታሁት። ቀሚሶቹን ሚስማሩ ላይ መለስኩ። ነጠላዬ ክፉኛ ተጨማዷል፤ ለነገው ቅዳሴ መተኮስ አለበት።